ከቀበና እስከ እንጦጦ፣ ለቅሶ ፍለጋ

ባለፈው ሐሙስ ወረዳው አዳራሽ ጠራን። አሁን የሚሉን «አረጋውያን» ነው፤ ድሮ ሽማግሌና አሮጊት ነበርን፣ ማንም አይቀየምም ነበር። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ደረደሩንና ለእያንዳንዳችን አንድ ጠርሙስ ውሃና አንድ ወረቀት ሰጡን። ወረቀቱ ላይ አምስት ፊቶች ተስለዋል። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ አኩርፏል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሚያደርጉ አላህ ይወቅ። ዛሬ የሚሰማችሁን ስሜት አክብቡ ተባልን። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለመጡ አምስቱንም አከበቡ። አሠልጣኟ የልጅ ልጄን የምታህል፣ ቆንጆ፣ ትሁት ልጅ ናት፤ ከምትናገረው ሦስት ቃል አንዱ እንግሊዝኛ ነው። በአስቸጋሪ ጊዜ አእምሯችንን እንዴት እንደምንጠብቅ ትነግረን ጀመር። በረጅሙ መተንፈስ። በእግር መሄድ። ስሜትን አለማፈን። ለሚያምኑት ሰው መናገር። ዓይናችሁን ጨፍኑና ተንፍሱ ስትለን ጨፈንኩ፤ ስተነፍስ ግን የወጣው ትንፋሽ ሳይሆን ንዴት ነው።

ከዚያ ደግሞ «እስቲ በእናንተ ዘመን፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ራሳችሁን እንዴት ነበር የምትንከባከቡት?» ብላ ጠየቀችን።  አንድ ሽማግሌ ብቻ ከኋላ «ዝም ነበር የምንለው» አሉ። እኔ አላስችል ብሎኝ እጄን አወጣሁ። «ለቅሶ እንደርስ ነበር» አልኳት። ፊቷ በራ። «በጣም ጥሩ! ማኅበራዊ ድጋፍ ይባላል» ብላ ትልቁ ወረቀት ላይ በሰማያዊ ቀለም ጻፈችውና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። ማኅበራዊ ድጋፍ! ያንን ሁሉ ዳገት፣ ያንን ሁሉ ጭቃ፣ ያንን ሁሉ የማላውቀው ሰው ንፍሮ በሁለት ቃል ዘግታው ሄደች። ልጅቷ ምን ታድርግ፤ በዚያን ጊዜ እናቷም አልተወለደችም ይሆናል። ግን ቤቴ እስክገባ ስነጫነጭ ሄድኩ፣ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ብጽፈው ይሻለኛል።

ያኔ የምንኖረው ቀበና ነበር፣ ከድልድዩ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ቤት አንድ ግድግዳ በሚጋራበት ግቢ። ወንዙም ያኔ ወንዝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ብርድ ልብስ ሁሉ ይታጠብበትና ድንጋዩ ላይ ይሰጣል። ዛሬ አፍንጫዬን ይዤ ነው የምሻገረው። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፤ አሥር ሳንቲሙ አይጠፋም፣ የሚጠፋው ዳቦው ነው። ጎረምሶቹ መንገድ የሚጠርግ ቤል ቦተም ለብሰው፣ አፍሯቸው ላይ ማበጠሪያ ሰክተው ሲንጎራደዱ እናቶች «ጨርቁ ሁለት ሱሪ ይወጣዋል» እያሉ ይነጫነጩ ነበር። ከዚያ ምን እንደመጣ ሳናውቅ በአንድ ዓመት ሰዉ ሁሉ ካኪ ለበሰ። አባቴ ውይይት ታክሲ ይነዳ ነበር፤ በስሙኒ ሰው ታጭቆ የሚሄድበት አሮጌ ፔጆ። ስሙ የወጣለት በየቀበሌው «ተወያዩ» በሚባልበት ዘመን ነው፤ ውስጡ ግን ማንም ከማንም ጋር አይወያይም፣ ሁሉም በመስኮት ያያል። ሬዲዮው በዘፈን መሐል ማርሽ ሲለቅ አባቴ መሪውን አጥብቆ ይይዝና ዜናው እስኪያልቅ ትንፋሹን ይውጣል። ይኸው እኔን አሁን በረጅሙ ተንፍሺ ይሉኛል።

ግድግዳ የምንጋራት እትዬ በላይነሽ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ለሰው ልብስ እየሰፋች አንድ ልጅ ያሳደገች ሴት። እኛ ሙስሊሞች ነን፣ እሷ የማርያም ሰው ናት፤ ይህ ግን ከእማዬ ጋር ጨውና በርበሬ ከመበዳደር፣ አንዳንዴም ከመኮራረፍ አላገዳቸውም። ልጇ የእኔ እኩያ ነበር፣ አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ። አናዳጅ ነበር። ኳስ በሬዲዮ በተላለፈ ቁጥር አጥራችንን ዘሎ ይመጣል፣ በር እያለለት። ኮምፓሴን ለጂኦሜትሪ ፈተና ተውሶ አልመለሰም። ጠዋት ጠዋት እያፏጨ ስለሚወጣ እኔ የምነቃው በፉጨቱ ነው፣ ስነቃም ስረግመው ነው። ስሙን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ያኔ መጥራት አይቻልም ነበር፣ እኔንም ልማዱ አልለቀቀኝም።

አንድ ጠዋት መጽሐፍ ታቅፎ እያፏጨ ወጣ፣ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጥተው መገደሉን ነገሯት። አስከሬን የለም። ድንኳን የለም። ጥቁር ልብስ የለም። «ለእሱ የሚለቀስ የለም» አሏት፣ እንዲህ በቁሟ፣ ደጃፏ ላይ። የሰፈሩ ሰው ግር ብሎ እንዳይገባ አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ማዕዘኑ ላይ አቆሙ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ እኛ ቤት ሆነን የእሷ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማናል። ያን ቀን ግን ምንም አልሰማንም። እማዬ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆማ «ያ አላህ፣ ምነው ባለቀሰች» ትል ነበር።

ከዚያ ምስሩ መጣ። እትዬ በላይነሽ ባለአበባ ቀሚሷን እንደለበሰች ደጃፏ ላይ ትቀመጥና በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ጠጠሩን አንድ በአንድ እያወጣች በትንሽ ሳህን ታጠራቅማለች። ለቅማ ስትጨርስ ሳህኑን ታነሳና ጠጠሩን መልሳ ምስሩ ላይ ትደፋዋለች። አደባልቃ እንደገና ትጀምራለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔ የተሳሳተ መሰለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያንኑ ምስር። አትበላም፣ አታወራም፣ ሲናገሯት ቀና ብላ በትሕትና ታዳምጥና ወደ ሰፌዷ ትመለሳለች። ፈራኋት። አእምሮዋ ከእጃችን እያመለጠ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

መድኃኒት አዋቂ መቼም አይጠፋም! አንዷ እንጦጦ ማርያም ወስዳችሁ ሰባት ቀን ጸበል አስጠምቋት ትላለች። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት በማር። የቀበሌዋ የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ደግሞ «ለሠራዊቱ ሹራብ ትሥራ፣ ሥራ ያስረሳል» አለች፤ የዚያን ዕለት እማዬ ያልተሳደበችው ማዕዘኑ ላይ ጠመንጃ ስላለ ብቻ ነው። ግማሹ «ቻይው» ይላታል፣ ግማሹ «እርሺው»። እርሺው! ገበያ የረሳችው ዘንቢል ነው እንዴ? ሁሉም ሰው ምክሩን አራግፎ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እሷ ጠጠሩን ትደፋለች። ያኔም እናደድ ነበር፣ አሁንም ምክር ያለው ሰው በሩቁ ሲመጣ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። የካ ሚካኤል አካባቢ አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ጠግበው፣ አልጋቸው ላይ አርፈዋል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፣ እኔን ቀስቅሳ አስከተለችኝ፣ እትዬ በላይነሽ ደጃፍ ሄዳ ሰፌዱን ከእጇ ወሰደችው።

«ተነሺ በላይነሽ፣ ለቅሶ እንሂድ።»

«የማን?»

ያ በሳምንቱ ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«የማንም ይሁን።»

ሄድን። ሰውዬውን አናውቃቸውም፣ ቤተሰቡን አናውቀውም። ለቅሶ ቤት ግን «ከየት ናችሁ፣ ምኑ ናችሁ» ተብሎ አይጠየቅም፤ የመጣ ሰው ገብቶ ያለቅሳል፣ ንፍሮ ይሰጠዋል፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይወጣል። እትዬ በላይነሽ ድንኳኑ በር ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሴቶቹ መሐል ገባችና «ወይኔ አባቴ» ብላ ጀመረች፤ የጀመረችው በአባቴ ነው፣ ድምፁ ግን የአባት አልነበረም። ከሆዷ እየተጎተተ ሲወጣ የሟቹ ልጆች ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት። ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። በቀን ተኛች፣ እስከ ማግስቱም አልነቃችም። እማዬ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለችና ጠዋት የቀማቻትን ሰፌድ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው።

ይኸው ሥራ ሆነ። ሰፈራችን ውስጥ ስለምትታወቅ ራቅ ማለት ነበረብን፦ ሾላ፣ ጉርድ ሾላ፣ ኮተቤ፣ ፈረንሳይ። የእኔ ድርሻ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ማድመጥና ሮጬ መጠየቅ ነው። የት ነው? ማን ነው? በምን ሞተ? በሽታ ከሆነ ደህና፤ ሌላ ከሆነ እዚያም አይለቀስም። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጬ ወደ ልጇ ስም የተጠጋች ሲመስለኝ ጭኗን መቆንጠጥ። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው! ጓደኞቼ እሁድ እሁድ ሲኒማ ይገባሉ፣ እኔ የማላውቀው ሰው ድንኳን ውስጥ የሌላ ሰው እናት እቆነጥጣለሁ። ታኮ ያለው አንድ ጫማዬ በመቃብር ጭቃ አለቀ። በየሰፈሩ የየትኛው እድር ንፍሮ ጨው እንደሚበዛበት አውቅ ነበር። አባቴ ደግሞ ቤንዚን በኩፖን ነው እያለ እያጉረመረመ እስከ መገናኛ ይወስደንና «ሴቶች ሆይ፣ አንድ ቀን ታስይዙኛላችሁ» ብሎ ይጥለናል።

እማዬን አንድ ቀን ተቆጣኋት። «በእኛ ደንብ ጮሆ ማልቀስ ክልክል አይደለም እንዴ? አንቺ ራስሽ አክስቴ የሞተች ጊዜ ዝም አላስባልሽንም?» አልኳት። ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቋርጥ «አላህ ያውቃል። እኔ አላለቀስኩም፣ አስለቀስኩ እንጂ» አለችኝ። ኮተቤ አንዲት ልጅ እግር ደንቡን ጥሳ «እናቴ፣ ሟቹ ምናችሁ ነው?» ብትላትም «ምናችን ያልሆነ ሰው አለ?» ብላ አፏን አስያዘቻት። እንዲህ ናት እናቴ። መልስ አታጣም፣ እኔ ደግሞ መልሷን እየሰማሁ እያደር ነው የምናደደው።

ከዚያ ሰው አልሞት አለ። ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፤ ያን ሳምንት ግን ማናችንም አልሳቅንም። በየቀኑ በሰው እጅ ሰው በሚሞትበት ዘመን፣ በአልጋው ላይ በወጉ የሚሞት አንድ ሰው ከቀበና እስከ ኮተቤ ጠፋ። ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ጡሩምባ እጠብቃለሁ። ዝም። «ምነው ዛሬም!» ይልና አንደበቴ ያመልጠኛል፣ ቶሎ ብዬ አስተግፊሩላህ እላለሁ። የሰው ሞት ወደ መመኘት ያደረሰኝን ዘመን ምን ብዬ ልርገመው? በአምስተኛው ቀን እትዬ በላይነሽ ሰፌዱን ከግድግዳ አወረደችው። በስድስተኛው ቀን ደጃፏ ላይ አጣናት። አገኘኋት፤ ድልድዩ ላይ ቆማ ውሃውን ታያለች፣ ክረምት ነበርና ወንዙ ሞልቷል። ክንዷን ስይዛት «እያየሁ ነው» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት። «ሲሄድ» አለችኝ። እየጎተትኩ ወደ ቤት አመጣኋትና ያን ቀን በሩን ከውጭ ቆለፍኩባት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በሰባተኛው ቀን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ደንበኛችን ደጃችን ላይ ሸክሟን አሳርፋ ላቧን እየጠረገች «ላይ፣ ማርያም አጠገብ፣ አንዲት ትልቅ እናት አርፈዋል» አለች። እማዬ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ስታየን የእንጨቱን ዋጋ ሳንከራከር ከፈልናት፣ ይህም ራሱ ሳያስደነግጣት አልቀረም።

ሽሮ ሜዳ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ዝናቡ ያጠበው ዳገት፣ የሚያንሸራትት ቀይ አፈር፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ጉሮሮ የሚቆርጥ። ወደ ታች የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚዎች ሸክማቸው መንገዱን ስለሚሞላው ገደሉ ጠርዝ ላይ ቆመን እናሳልፋቸዋለን። እትዬ በላይነሽ ከፊት ከፊት ትወጣለች፤ ሳምንት ሙሉ ያልበላች ሴት እኔን ቀድማ! ለቅሶ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ዛፍ መሐል ያለ ቤት ነው። ድንኳኑ በር ላይ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር ጠመንጃ ነው። አንድ አብዮት ጠባቂ ወንበር ተሰጥቶት ንፍሮ እየቆረጠመ ተቀምጧል። እማዬን በክንዴ ጎሸም አደረግኳት፣ እንመለስ ለማለት። እትዬ በላይነሽ ግን ገብታለች።

ለትልቋ እናት በወጉ ጀመረች፤ ደግነታቸውን፣ ደጃፋቸው ባዶ መቅረቱን። ሴቶቹ ይቀበሏታል። ከዚያ ሰባት ቀን የተቋጠረው ድንገት ተፈታ። ቆነጠጥኳት። ጠበቅ አድርጌ ቆነጠጥኳት። እጄን አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«መጽሐፉን ታቅፎ ከደጄ እንደወጣ፣
ጺሙ ሳይበቅልለት ቀረብኝ ሳይመጣ።»

የሚቀበላት ጠፋ።  አብዮት ጠባቂው መቆርጠሙን አቆመ። «ሟቿ አሮጊት አይደሉም እንዴ? ጺም ያልበቀለለት ማነው?» አለ።  ለሁሉ መልስ ያላት እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

የተነሱት የሟቿ ልጅ ናቸው፣ አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ ሰው። ወደ ጠመንጃው አልሄዱም፣ ወደ እኛ ነው የዞሩት። «ታላቅ ወንድሜ ነው» አሉ፣ ረጋ ብለው። «ተማሪ እያለ በበሽታ የሞተ። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ስታለቅሰው ኖራለች። እሷ ስትለቀስ እሱ ካልተለቀሰ ምኑን ለቅሶ ሆነ? በይ እህቴ፣ ቀጥይ።» ከዚያ ራሳቸው፣ ወንድ ሰው፣ «ወንድሜን!» ብለው ጮሁና ደረታቸውን መቱ። ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ተቀበለ። እንጦጦ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ጠመንጃ በተቀመጠበት፣ አንድ የቀበና ልጅ መጽሐፉ፣ ጺሙ፣ አጥር መዝለሉ ሳይቀር እስኪበቃው ተለቀሰ። አብዮት ጠባቂው ጫማውን ሲያይ ቆየና ተነስቶ ወጣ። እኔ ያኔ ያሰብኩት ምን ዓይነት ዕድል ነው፣ ሰውዬው ወንድም ባይሞትባቸው ኖሮ አልቆልን ነበር፣ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ አላሰብኩም፤ ለማሰብ በጣም ተናድጄ ነበር፣ በእሷም፣ በእማዬም፣ በጫማዬም።

ቁልቁለቱን ተያይዘን ወረድን። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ እትዬ በላይነሽ ቆም አለችና «ራበኝ» አለች። ራበኝ! ሕይወታችንን ገደል አፋፍ ላይ አድርሳን ስታበቃ ራበኝ! እማዬ ከመንገድ ዳር የሽንብራ ቆሎ በአምስት ሳንቲም ገዛችላትና በቆመችበት በላችው፣ መዳፏን እያራገፈች። በማግስቱ ጠዋት በግድግዳው በኩል የሽንኩርት ቁሌት ሽታ መጣ። ምስሩን እየሠራችው ነበር። አንዳንዱ ጠጠር ውስጡ ቀርቶ ጥርሴን ሊሰብረኝ ነበር፣ ግን በላሁ። ከዚያ በኋላም ለቅሶ መሄዳችን አልቀረም፣ እየራቀ እየራቀ ሄደ እንጂ። የልብስ ስፌት መኪናዋም እንደገና ማታ ማታ ይሰማን ጀመር።

አሁን እንጦጦ መናፈሻ ሆኗል። የልጅ ልጄ ባለፈው ዓመት ወስዳኝ ነበር፣ «እማማ፣ ስትሬሱ ይለቅሻል፣ አየሩ ራሱ ቴራፒ ነው» ብላ። አንድ ማኪያቶ የጠየቁንን ዋጋ ስሰማ የለቀቀኝ ሁሉ ተመልሶ መጣ። ልጆቹ ፈረስ ይቀመጣሉ፣ በገመድ ተንጠልጥለው እየጮሁ ያልፋሉ። ጩኸታቸው ደስ ይላል፣ ማን ከለከላቸው። እኔ የቆምኩበት ቦታ የዚያ ዳገት የትኛው መታጠፊያ እንደሆነ ለማወቅ ብሞክርም መንገዱ አስፋልት ሆኖ ጠፋብኝ። ባሕር ዛፉ ብቻ እንደዚያው ጉሮሮ ይቆርጣል።

ያ መንግሥት የተገለበጠ ዓመት ማልቀስ ተፈቀደ። እንዲህ ነው የሚባለው፣ ተፈቀደ። እትዬ በላይነሽ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ነበር። እድሩ ድንኳን ተከለላት፣ ያ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ። አፍሮው የማይገባበት የልጇን ጉርድ ፎቶ ፍሬም ውስጥ ከተን ጠረጴዛ ላይ አቆምንላት። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ተበትኗል፤ ማን ይመጣል ብለን ጥቂት አግዳሚ ብቻ ነበር ያዘጋጀነው። ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች፣ እማዬም በእርጅናዋ ከጎኗ። እንባ ግን የለም፣ ድምፅም የለም። ፎቶውን ታያለች። እኔ ደግሞ ያ ምስር መልሶ ታየኝ።

ረፋዱ ላይ ከሾላ መጡ። ከዚያ ከጉርድ ሾላ። ከዚያ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከኮተቤ። ጡሩምባው ከእድር ወደ እድር ተቀባብሎት ኖሯል። «የቀበናዋ እናት ድንኳን ተከለች» ተብሎ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኛ ተሸሽገን የምንዞር ሲመስለን እነሱ ስም አውጥተውልን ነበር። አንዷ ሴት እግሯ ስር ተደፍታ «አባቴን አልቅሰሽልኛል፣ ብድር በምድር» አለቻት። ድንኳኑ ሞልቶ ግቢው ሞላ፣ ግቢው ሞልቶ እስከ ድልድዩ ሰው ቆመ። እማዬ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ንፍሮው አይበቃም» አለች፤ እያለቀሰች ነበር የምትለው።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ መንገድ ሲለቅ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። የእንጦጦው ሰው ናቸው፣ ያ ጋቢ ሳይቀር። እትዬ በላይነሽ ፊት ቆሙ።

«እህቴ፣ የዚያን ዕለት ዋሽቻለሁ። እናቴ ከእኔ ሌላ አልወለደችም። ወንድም ኖሮኝ አያውቅም» አሉ። «ከዚያን ዕለት ወዲህ ግን አለኝ። ይህን ያህል ዘመን ወንድሜን ስሙን ሳላውቅ ኖርኩ። ስሙን ይንገሩኝ።»

እትዬ በላይነሽ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እንደገና ከፈተች። ከንፈሯ ብቻ የሚያወጣው ትንፋሽ ወጣ።

«ጆሮዬ ከብዷል» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። «ማን አሉኝ?»

«ግርማ» አለች።

«አልሰማሁም።»

እኔ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። እዚህች ሴት ላይ ነው ደንቆሮነቱ! ተነስቼ በጆሯቸው ልነግራቸው ስል እማዬ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ግርማ!» አለች እትዬ በላይነሽ፣ ጠንከር አድርጋ።

«ኧረ አይሰማም እህቴ።»

ተነሳች። ፎቶውን ከጠረጴዛው አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «ግርማ! ግርማዬ! ልጄ ግርማ!» ብላ ጮኸች፣ ሸራው እስኪነቃነቅ፣ ድልድዩ ላይ ያሉት እስኪሰሙ። ሰዉ ሁሉ ተቀበለ። ከሾላው፣ ከኮተቤው፣ ከሁሉም አፍ ያ ስም ወጣ፣ እኔም በዚያ ሁሉ ድንኳን አንድ ቀን አልቅሼ የማላውቅ ሴት «ግርማ» እያልኩ ኡኡታዬን አቀለጥኩት።

አመሻሹ ላይ ሽማግሌውን እስከ መንገድ ሸኘኋቸው። ግቢው ውስጥ አሁንም ለቅሶና ጫጫታ ነው። ከዘራቸውን አቀብያቸው፣ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ ለራሴም በቅጡ በማይሰማኝ ድምፅ «አላህ ይስጥልኝ አባባ» አልኩ።

«አሜን፣ ልጄ» አሉኝ።